የሚወልቅ ፕሌት ወይስ ብሬስ? ለተዛባ ንክሻ መሣሪያ ስንመርጥ

አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ጥርሷን ስትገጥም ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ አንዱ፣ የቀኙ፣ ከታችኞቹ ኋላ ይገባል። ሌሎቹ ቦታቸውን ይዘዋል። እናትየው ገና ሳትቀመጥ «ብሬስ ይታሰርላት መሰለኝ ዶክተር» አለች። ልጅቷ ብሬስ ሲባል ፊቷ በራ። ለካ ክፍሏ ውስጥ ሁለት ልጆች አስረዋል።

ማሰር ይቻላል። እኔ ግን የመረጥኩላት ፕሌት ነው፤ በላንቃዋ ልክ የሚሠራ፣ ራሷ የምታወልቀውና መልሳ የምታስገባው የአክሪሊክና የሽቦ ሥራ። በዚያው ሳምንት የመጣ የ14 ዓመት ልጅን ደግሞ «ፕሌት አይሆንህም» ብዬ መለስኩት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የምጽፈው በተለይ ፕሌት መንደፍ ለሚጀምሩ ወጣት ሐኪሞችና የላብ ባለሙያዎች ነው። ልጁን ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞር ወላጅም ቢያነበው አይጎዳም።

ጥርሱ እንዴት ነው መሄድ ያለበት?

ፕሌት ጥርስን የሚገፋው አንድ ነጥብ ላይ ነው። አንድ ነጥብ ላይ የተገፋ ጥርስ ደግሞ ያዘነብላል እንጂ እንደቆመ አይሄድም። ከድድ በላይ ያለው ክፍል ወደምንፈልገው ይሄዳል፤ የሥሩ ጫፍ በትንሹ ወደ ተቃራኒው ያፈነግጣል። የላላ የአጥር እንጨት ከላይ ሲገፉት እንደሚሆነው ነው። ስለዚህ ጥርሱ ከመጀመሪያው ያዘነበለ ከሆነ ወደ ሌላው ወገን መልሶ ማዘንበል ያቃናዋል። ፕሌት ለዚህ ነው የሚሆነው።

ጥርሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቦታውን ከሳተ፣ ከዞረ፣ ወይም ሥሩ መንቀሳቀስ ካለበት ግን ፕሌት አታስቡ። ብሬስ ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ስለሚይዘው ያዞራል፣ ሥርም ያንቀሳቅሳል። የ14 ዓመቱ ልጅ ክራንቻው ዞሯል፣ የፊት ጥርሶቹ ተደራርበዋል። የቱንም ያህል እጁ የተባረከ ባለሙያ ቢሠራው ፕሌት ያን አያቃናም። አባቱ «ብሬስ ውድ ነው፣ ለጊዜው በፕሌት እንጀምረው» ብሎኝ ነበር። ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ያ «ለጊዜው» የፕሌት ዋጋ ያስከፍላል፣ ዓመት ይበላል፣ ከዚያ ያው ብሬስ ይታሰራል።

አንድ የፊት ጥርስ ከኋላ ሲገባ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፕሌት ከሁሉ በላይ የሚያምርበት ቦታ ስለሆነ።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ስትነክስ ያ ጥርስ ከታችኛው ጋር ጫፍ ለጫፍ ይጋጫል። ለማምለጥ አገጯን ወደፊት ታንሸራትታለች። የሚጋጨው የታችኛው ጥርሷ ድድ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ሸሽቷል። ስለዚህ «ሲያድግ ይስተካከላል» የሚባል ነገር የለም።

ከንድፉ በፊት ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ቦታ አለ ወይ? ጥርሱ ወደፊት ሲመጣ የሚገባበት ክፍተት ከሌለ መግፋቱ ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ከመጣ በኋላ ማን ይይዘዋል? የላይኛው ጥርስ የታችኛውን በቁመት ከሸፈነው፣ ኦቨርባይት የምንለው ማለት ነው፣ የታችኛው ጥርስ ራሱ ዘብ ይሆንለታል። ሽፋኑ ስስ ከሆነ ግን ጥርሱ ወደፊት ሲያዘነብል ጫፉ ከፍ ስለሚል ይብስ ይሳሳል። ፕሌቱ በወለቀ ማግስት ጥርሱ ተመልሶ ይገባል። ልጅቷ 3 ሚሊሜትር ያህል ሽፋን ነበራት። ጥሩ ነው።

ጥርሱ ገና ብቅ እያለ ቢሆን ኖሮ በአይስክሬም እንጨት እንኳ ይሞከራል። ልጅቷ እንጨቱን ከጥርሱ ኋላ አድርጋ በአገጯ ላይ እያስደገፈች በየቀኑ ደጋግማ ትገፋዋለች። ዋጋው ምንም ነው። የሷ ግን ሙሉ ለሙሉ ወጥቶ ተቆልፏል።

ሌላው አማራጭ አጭር ብሬስ ነው። አራቱ የፊት ጥርሶችና ሁለቱ የኋላ መንጋጋዎች ላይ ብቻ የሚታሰር። እውነቱን ለመናገር ይህ ለፕሌት ከባድ ተፎካካሪ ነው። ስዊድን ውስጥ ሁለቱን ያወዳደረ ጥናት በሁለቱም የአብዛኞቹ ልጆች ጥርስ እንደተስተካከለ፣ በብሬሱ ግን ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ እንዳለቀ አሳይቷል። ልጁም «ረሳሁት» ማለት አይችልም። ታዲያ ለምን ፕሌት? ልጅቷ ጥርሷን በወጉ አትቦርሽም፤ ብሬስ ዙሪያ ምግብ ሲያዝ በወራት ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ይመጣል። ፕሌት ወልቆ ይታጠባል። ደግሞም ንክሻውን ከፍ ማድረግ ያስፈልገኛል፤ ፕሌቱ ያንን አብሮ ይሠራልኛል።

ቀጥሎ የሚመረጠው የሚገፋው ነገር ነው። ለአንድ ጥርስ ዜድ ስፕሪንግ፣ ቅርጿ እንደ ስሟ የሆነች ትንሽ ሞላ፣ ትበቃለች። ሦስት ወይም አራት ጥርስ አንድ ላይ መገፋት ካለበት ግን ስክሩ፣ ሲዞር የተከፈለውን ፕሌት የሚያራርቅ ትንሽ ብሎን፣ ይሻላል። ለምን መሰላችሁ? ሞላዋ ጥርሱን ስትገፋ ጥርሱም ፕሌቱን መልሶ ይገፋዋል። የፊት ጥርስ ጀርባ ደግሞ ተዳፋት ነው፤ ግፊቱ ፕሌቱን ከፊት በኩል ወደ ታች ያወርደዋል። ሞላ በበዛ ቁጥር ፕሌቱ ይረግፋል። በስክሩ ሲሆን የሚገፉትን ጥርሶች ራሳቸውን በክላስፕ፣ ፕሌቱን ጥርስ ላይ በሚያጣብቀው የሽቦ መያዣ፣ መያዝ ይቻላል። ጣጣው መወፈሩና ቁልፉን ማዞር የወላጅ ሥራ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ የላብ ማዘዣው ላይ የሳልኩት ይህን ነው። ሁለቱ 6ኛ ጥርሶች (የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋ ጥርሶች) ላይ በ0.7 ሚሊሜትር ሽቦ አዳምስ ክላስፕ። ፕሌቱ ከፊት እንዳይወርድ የወተት መንጋጋዎቿ ላይ ሁለት ተጨማሪ፣ በ0.6። ከጥርሱ ጀርባ በ0.5 ሽቦ ዜድ ስፕሪንግ። የኋላ ጥርሶችን የሚሸፍን ስስ አክሪሊክ፤ ውፍረቱ ጥርሱ ከታችኛው ሳይጋጭ እንዲያልፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ። ሌላ ምንም የለም።

«ሌላ ምንም» የምለው ተቃጥዬ ስለማውቀው ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ልጅ የሠራሁት ፕሌት ሦስት ሞላ፣ አንድ ስክሩና ከፊት የሚዞር ሽቦ ነበረው። ሞዴሉ ላይ ሲታይ ጌጥ ነው። ልጁ አፉ ውስጥ አስገብቶት «አመሰግናለሁ» ሲል ፕሌቱ ጭኑ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ፕሌት አንድ ሥራ፣ ቢበዛ ሁለት ነው የምሰጠው።

ክላስፑ ላይ አትሰስቱ

ብዙ ጀማሪ ትኩረቱ ሁሉ ሞላው ላይ ነው። ፕሌትን የሚገድለው ግን የላላ ክላስፕ ነው። ልጅ በምላሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ፕሌት በሁለተኛው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ነው።

አዳምስ ክላስፕ ሁለት የቀስት ጫፍ የመሰሉ ጥግ አለው። እነዚያ ጥጎች መንጋጋው ላይ ከፊትም ከኋላም በኩል ጥርሱ ወደ ድድ ሲወርድ ጠበብ የሚልበት ሥርጉድ ውስጥ መግባት አለባቸው። በልጅ ጥርስ ላይ ይህ ሥርጉድ ገና ድድ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጄሶው ሞዴል ላይ በዚያች ቦታ ድዱን በስለት ጫፍ በጥቂቱ እፍቃለሁ፤ የቀስቱ ጫፍ እዚያ ይቀመጣል። ሁለቱን ጥጎች የሚያገናኘው ድልድይ ጥርሱን መንካት የለበትም። 45 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ፣ ልጁ በጥፍሩ ይዞ የሚያወርድበት እጀታ ይሆናል። በፒንሳ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስቴ የታጠፈ ሽቦ ደግሞ ይደክማል። ከተበላሸባችሁ ጣሉትና በሌላ ጀምሩ። ሽቦ ርካሽ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ለጥገና ተመልሶ የሚመጣ ቤተሰብ ግን ትራንስፖርት ይከፍላል።

ስለ ሽቦ ውፍረት አንድ ስሌት ብቻ። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከ0.5 ወደ 0.7 ብትወጡ እንኳ ጉልበቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። አንድ የፊት ጥርስ ለማዘንበል የሚፈለገው ከ25 እስከ 40 ግራም ነው፤ ከአንድ እንቁላል ክብደት በታች። «ጠንከር ይበል፣ ቶሎ ይሄዳል» የሚለው ነገር ጥርሱን ያሳምማል፣ ፕሌቱን ያስወጣል፣ ጉዞውንም አያፈጥነውም። ሞላው ውስጥ ጥምዝ የምንጨምረውም ለዚሁ ነው፤ ቦታ ሳይፈጅ ሽቦውን ያረዝመዋል። በወር 1 ሚሊሜትር ከሄደ ደህና ሄደ።

ጎን ለጎን ሲዛነፍ

ልጁ ሲነክስ የላይኞቹ የጎን ጥርሶች ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ከገቡ፣ ላይኛው መንጋጋ ጠቧል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ይመስላል። እውነቱ ግን ልጁ የሚመቸውን ፍለጋ አገጩን ወደ አንድ ጎን እየወሰደው ነው። ቀስ ብሎ አፉን እንዲገጥም አድርጉና የላይኞቹና የታችኞቹ ጥርሶች መሐል መስመር የት ላይ እንደሚስት እዩ።

እዚህ ፉክክሩ መሐሉ ላይ ስክሩ ባለው ፕሌትና የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ላይ በቀለበት በሚጣበቀው፣ ኳድ ሄሊክስ በሚባለው የማስፊያ ሽቦ መካከል ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ለኳድ ሄሊክስ እፈርዳለሁ። ጥናቶቹም ወደዚያው ያዘነብላሉ፤ ዋናው ምክንያት ልጅ አውልቆ ሊጥለው አለመቻሉ ነው። ፕሌቱን የምመርጠው ቤተሰቡ ጠንቃቃ ሲሆን፣ የሚፈለገው ስፋት ትንሽ ሲሆን፣ ወይም ቀለበቶቹን የሚያጣብቅ ባለሙያ በአካባቢው ከሌለ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ስክሩ በአንድ ሩብ ዙር ወደ 0.25 ሚሊሜትር ይከፈታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከዞረ ግማሽ ሚሊሜትር፤ 5 ሚሊሜትር ለማግኘት 10 ሳምንት። ወላጆች ቀን እንዳይምታታባቸው ረቡዕና እሑድ እላቸዋለሁ። ረቡዕ ጾም ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አይረሳም። ጥርሱ ትንሽ ስለሚመለስ ከሚፈለገው በጥቂቱ አልፎ ማስፋት፣ ከዚያ ያንኑ ፕሌት ለሦስት ወር ያህል ሳይዞር እንዲያደርገው ማድረግ ነው።

ላይኛው ታችኛውን ሲውጠው

የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጭራሽ የማይታዩበት፣ አንዳንዴም ላንቃውን የሚወጉበት ንክሻ አለ። ለዚህ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ጠፍጣፋ የአክሪሊክ መድረክ ያለው ፕሌት ግሩም ነው። ልጁ ሲነክስ የታችኞቹ ጥርሶች መድረኩ ላይ ያርፋሉ። የኋላዎቹ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ክፍት ይቀራሉ፣ ያን ክፍተት ለመሙላት ቀስ በቀስ ያድጋሉ። የሚሠራው ለሚያድግ ልጅ ነው። ለ30 ዓመት ሰው አትሥሩለት።

የላብ ማዘዣ ላይ የሚረሳው ኦቨርጄት ነው፤ የላይኞቹ ጥርሶች ከታችኞቹ ፊት ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቁ። እሱን ካልጻፋችሁ ባለሙያው መድረኩን በግምት ያሳጥረዋል። ልጁ ከመድረኩ ጀርባ ይነክስና አገጩ ይበልጥ ወደ ኋላ ይገባል። ሊድን መጥቶ ብሶበት መሄድ ይሏል ይህ ነው።

ገጣጣ የሚባለው ልጅ

ገጣጣ እያሉ የሚያሾፉበት ልጅ ሲመጣ ሁሉም የሚያየው ላይኛውን ጥርስ ነው። ከጎን ስታዩት ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ወደ ኋላ የቀረው ታችኛው መንጋጋ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ላይኛውን ጥርስ በፕሌት ሽቦ ወደ ኋላ መጎተት ቀላሉ ስህተት ነው። ጥርሱ ይገባል፣ ፊቱ ግን ያው ነው፣ ከንፈሩም አብሮ ይገባል። ያ ሽቦ የሚሆነው ጥርሶቹ ክፍተት ኖሯቸው ወደፊት ያዘነበሉ ሲሆኑ፣ መንጋጋው ደግሞ ደህና ሲሆን ነው። ጣት የሚጠባ ልጅ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ መጀመሪያ ግን ጣቱ መቆም አለበት።

መንጋጋው ወደ ኋላ ለቀረበት የምመርጠው ትዊን ብሎክ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረው ሁለት ፕሌት ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለቱ ላይ 70 ዲግሪ ያህል ያጋደሉ ብሎኮች አሉ። ልጁ ሲነክስ ብሎኮቹ ተንሸራተው ታችኛውን መንጋጋ ወደፊት ያስቀምጡታል። የቀድሞው አክቲቬተር ያንኑ ሐሳብ በአንድ ወፍራም ቁራጭ ይሠራ ነበር። አፍን ስለሚሞላ ልጁ አያወራበትም፣ አይበላበትም፤ በአብዛኛው ማታ ብቻ ነው የሚደረገው። ትዊን ብሎክ ተከፍሎ የተሠራ ስለሆነ ቀንም ማታም፣ ሲበላም ጭምር ይደረጋል። ልዩነቱ ሰዓት ነው፤ የሰዓት ልዩነት ደግሞ የውጤት ልዩነት ነው።

ጊዜው ልጁ ሱሪው በየወሩ የሚያጥርበት ነው፤ ሴቶች ከወንዶች ቀደም ይላሉ። ከ6 እስከ 9 ወር ውስጥ ክፍተቱ ሲጠብ ማየት የተለመደ ነው። ለወላጅ ግን እውነቱን ተናገሩ፦ ከለውጡ ብዙው የሚመጣው ከጥርሶች መዘንበል ነው፣ መንጋጋው የሚጨምረው ከምንመኘው ያነሰ ነው። ያም ሆኖ የወጣ ጥርስ ኳስ ሜዳ ላይ ቀድሞ የሚሰበር ነው። በጊዜ መግባቱ ያን አደጋ ይቀንሳል።

አገጩ ከላይኛው የቀደመ ልጅ፣ በተለይ አባቱም አያቱም እንደዚያ ከሆኑ፣ የፕሌት ጉዳይ አይደለም። በጊዜ ወደ ኦርቶዶንቲስት ላኩት።

ስለ አላይነር አንድ ነገር

«የማይታየውስ?» የሚል ጥያቄ አሁን አሁን በዝቷል። አላይነር፣ ጥርስ ላይ የሚጠለቀው ግልጽ ፕላስቲክ፣ በቀን 22 ሰዓት ይደረጋል፣ ሲበሉና ከውኃ በቀር ሲጠጡ ይወልቃል። እስቲ እኛ አገር አስሉት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከቆሎው ጋር። የቀረችው ሁለት ሰዓት እዚያው አለቀች፤ ምሳና እራት ገና ናቸው። ባለፈው ከዋሽንግተን የመጣች የአክስቴ ልጅ አላይነሯን በሶፍት ጠቅልላ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ሠራተኛዋ ሶፍቱን ከቄጠማው ጋር ጠርጋ ጣለችው። ለሥርዓተኛ አዋቂ፣ ለቀላል መደራረብ ጥሩ ነው። ለ9 ዓመት ልጅ ክሮስባይት (የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ወደ ውስጥ ሲገባ) ግን ብዙ ብር የሚያስከፍል ትንሽ ሥራ ነው።

ታደርገዋለች ወይስ አታደርገውም?

ፕሌት የሚሠራው አፍ ውስጥ ሲሆን ነው። ልጅ ደግሞ ይዋሻል፣ እናት ትሸፍናለች። እኔ አልጠይቅም። «እስቲ አውልቂና መልሰሽ አስገቢው» እላለሁ። በአንድ እጅ፣ ያለ መስታወት፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ካደረገችው ለብሳዋለች። በሁለት እጅ እየታገለች «ትንሽ ጠበበኝ» ካለች መልሱን አገኘሁት። ላንቃዋ ላይ የፕሌቱ ጠርዝ ምልክት አለ? ስታወራ «ሰ»ን በትክክል ትላለች? በቀጠሮው ሁሉ ፕሌቱ እንደ አዲስ የሚያበራ ከሆነስ?

በጽሑፍ የምሰጣቸው ጥቂት ነገር ነው። በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይቦረሽ፤ የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። ሲወልቅ ሣጥኑ ውስጥ፣ ሶፍት ውስጥ አይደለም። ቆሎ ይቅር፤ ዳቦ ቆሎም ያው ነው። ሽቦው ከወጋት እቤት በፒንሳ እንዳይቆርጡት፣ ይደውሉ። ከተሰበረም ስባሪውን ይዘው ይምጡ።

ልጅቷ አራት ወር ገደማ አደረገችው። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ጥርሱ ጫፍ ለጫፍ ደረሰ፣ በሚቀጥለው ከፊት ሆነ። የኋላውን ሽፋን ፈቅፍቄ አነሳሁት፣ ንክሻዋ ተገጠመ። እናትየው መስታወቱን ተቀብላ ልጇን ስታገላብጥ ቆየችና የፊት ጥርሶቿ መሐል ያለችውን ፍንጭት አሳየችኝ።

«ይቺስ?»

«ክራንቻዎቿ ሲወጡ ብዙ ጊዜ በራሷ ትጠባለች፤ አያስቡ» አልኳት።

«አይ፣ እንዳትጠብ ማድረግ አይቻልም ወይ ለማለት ነው።»